ኪሎ ሳይሆን ወገብ፦ የሰውነት ለውጥን በሜትር መከታተያ ዝርዝር መመሪያ

ስፖርት የጀመረ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ሚዛን ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሚዛን ሞልቷል። ጂም ውስጥ አለ፤ ፋርማሲ ውስጥ አለ፤ እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን አስቀምጠው በጥቂት ብር የሚመዝኑ ልጆችም አሉ። ከነጫማችን፣ ከነቦርሳችን፣ ምሳ በልተን እንወጣበታለን። ቁጥሩ ካለፈው ሳምንት በ1 ኪሎ ከፍ ካለ የዕለቱ ሙድ ተበላሸ ማለት ነው። አንዳንዱ እንዲያውም «ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። የተወው ሰው ግን በዚያው ሰሞን ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አጥብቆ ሊሆን ይችላል።

ሚዛኑን ጣሉት አልልም። ዋናው መለኪያችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሁን፤ ሚዛን ረዳት ይሁን ነው የምለው። ሚዛን ስቡን፣ ጡንቻውን፣ ውሃውን፣ ሆድ ውስጥ ያለውን እንጀራ ሳይቀር ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። አብዛኞቻችሁ ስፖርት የምትሠሩት ግን ቦርጭ ለማጥፋት ነው። የቦርጭን ነገር በደንብ የሚያውቀው ሜትር ነው።

ሚዛን ለምን ይዋዥቃል?

ዋናው ምክንያት ውሃ ነው። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የጉልበት ስንቅ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስንቁ በአዋቂ ሰው ላይ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ሊደርስ ስለሚችል፣ እሱ ሲጎድልና ሲሞላ ብቻ ሚዛኑ 2 ኪሎ ያህል ሊወርድና ሊወጣ ይችላል። ስብ ቦታውን ሳይለቅ ማለት ነው። «በሦስት ቀን 2 ኪሎ ቀነስኩ» የሚባለው ነገር አብዛኛው ይሄ ውሃ ነው።

ጨውም ውሃ ይይዛል። የፋሲካን ማግስት አስቡት። 55 ቀን ከጾማችሁ በኋላ ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ ክትፎ፣ ድፎ ዳቦ በአንዴ ይገባል። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 2 ኪሎ ጨምሮ ቢጠብቃችሁ አትደንግጡ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በአንድ ቀን 2 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነታችሁ ከሚያቃጥለው በላይ 15,000 ካሎሪ መብላት ይጠበቅባችኋል። ፋሲካም ቢሆን ይሄን ያህል አይቻልም። ያያችሁት ምግብ፣ ጨውና ውሃ ነው፤ በጥቂት ቀን ይወርዳል።

ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ሰውነት ውሃ ይይዛል። ክሬቲን የሚባለውን የስፖርተኞች ማሟያ (ሰፕሊመንት) የምትወስዱ ካላችሁም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ውሃ ሊጨምርባችሁ ይችላል። ስፖርት አዲስ ለጀመረ ሰው የዛለው ጡንቻ ራሱ ለማገገም ውሃ ይስባል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛን ጨርሶ አይታመንም።

«ጡንቻ ከስብ ይከብዳል» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። አንድ ኪሎ ያው አንድ ኪሎ ነው። ልዩነቱ የሚይዘው ቦታ ላይ ነው፤ ጡንቻ ከተመሳሳይ ክብደት ስብ 15 በመቶ ገደማ ያነሰ ቦታ ይይዛል። በየስልኩ እንደሚዞረው ፎቶ እጥፍ ድርብ ልዩነት የለውም። ታዲያ ኪሎው ሳይቀንስ ሱሪ የሚሰፋው ለምንድን ነው? ስቡ የሚለቀው ከሆድ አካባቢም ጭምር ነው፤ ጡንቻው የሚመጣው ግን በጭን፣ በመቀመጫ፣ በጀርባና በትከሻ ላይ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሚዛን ድምሩን ብቻ ስለሚያይ ዝም ይላል።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛ ሜትር ያዙ

የሚያስፈልጋችሁ ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው፣ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነው ተጣጣፊ ሜትር ነው። የግንበኛ ብረት ሜትር አይሆንም፤ ሰውነት ላይ አይተኛም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሜትሩን ፈትኑት። ርካሽ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሳትከሱ ያከሳችኋል። አንድ ኤ4 ወረቀት አምጡ። ረጅሙ ጎኑ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትሩን ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው እያደረጋችሁ ወረቀቱ ላይ አስተኙት። ሦስቱም ቦታ 29.7 ካላነበበ ሌላ ግዙ። ዜሮው ከየት እንደሚጀምርም እዩ፤ ከጫፉ ብረት የሚጀምር አለ፣ ከብረቱ ቀጥሎ የሚጀምርም አለ። ሌላው ነገር፣ የብዙ ሜትሮች አንዱ ገጽ ሴንቲ ሜትር ሌላው ኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን ይዛችሁ እሱ ላይ ጽኑ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን አትቀያይሩ

ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስታችሁ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ ስትወጡ፣ ውሃም ቡናም ሳይቀመስ፣ ስፖርት ሳይሠራ። በቃ። ማታ ሆድ በምግብና በአየር ስለሚነፋ ወገብ ከጠዋቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ከጂም ስትወጡ ደግሞ ደም የሞላው ክንድ ከእውነተኛ ልኩ በላይ ያሳያል። መስተዋት ፊት ያስደስታል፤ ደብተር ላይ ግን አይጻፍም።

በየሁለት ሳምንቱ መለካት ይበቃል። በየቀኑ የሚለካ ሰው የሚያነበው የሆዱን ሁኔታ እንጂ ለውጡን አይደለም። ሴቶች ከወር ወር የሚያነጻጽሩት ይበልጥ የሚታመን ነው፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ የወር አበባ ካለቀ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ። ጾም ላይ ከሆናችሁም፣ ረመዳንም ይሁን ዓቢይ ጾም፣ የጾሙን ልክ ከጾሙ ልክ ጋር አወዳድሩ። የበዓል ሳምንትን ዝለሉት።

ደረጃ 3፦ ወገብ

ከሁሉም ልኬት አንዱን ብቻ ምረጡ ከተባላችሁ ወገብን ምረጡ። ሆድ ውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር በቅርብ የተያያዘ ስለሆነ፣ ሐኪሞችም የሚያዩት ይሄንኑ ነው።

ብዙ ሰው ወገቡ የት እንዳለ በትክክል አያውቅም። በተለይ ወንዶች። ቦርጭ ሲመጣ ሱሪው ከቦርጩ ሥር ይወርዳል። ሰውየው ከ15 ዓመት በፊት 34 ቁጥር ይለብስ ነበር፤ ዛሬም 34 ይለብሳል፤ «አልወፈርኩም» ይላል። 34 ኢንች 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሜትሩን ቦርጩ ላይ ብታደርጉት 98 ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ የሱሪ ቁጥር የወገብ ልክ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አለካክ እንዲህ ነው። በጎናችሁ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ። ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ የዳሌ አጥንት አናቱን ዳብሱ። የሁለቱ እኩሌታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሜትሩ የሚዞረው በዚያ ነው።

ልብስ አይኑር፤ ካለም አንድ ስስ ካናቴራ። እግር ገጥማችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። እጃችሁ ወደ ጎን ልል ይበል። ሜትሩን ስታዞሩ ከኋላ እንዳይወርድ መስተዋት ፊት በጎን ቁሙና እዩት፤ ከመሬት ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ቆዳ ይንካ፣ ግን አይቆንጥጥ፤ ሜትሩ ቆዳ ላይ መስመር ከሠራ አጥብቃችኋል። አሁን በተለመደው ሁኔታ ተንፍሱና ትንፋሹ ሲያልቅ አንብቡ። ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ የለም! ፎቶ አይደለም።

ሁለት ጊዜ ለኩ። ልዩነቱ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አማካዩን ጻፉ። ከ1 በላይ ከተለያየ ሁለቱንም ሰርዙና እንደ አዲስ ለኩ።

በእምብርት በኩል መለካት ይቀለናል የምትሉ ቀጥሉበት። ትንሽ ችግር ያለው ሆድ ሲቀንስ እምብርት ራሱ ቦታ የሚቀይርባቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ዋናው ነገር ጥርን በእምብርት፣ መጋቢትን በጎድን አጥንት እንዳትለኩ።

ደረጃ 4፦ የቀሩት ቦታዎች

ዳሌ፣ መቀመጫ በጣም የሰፋበት ቦታ ላይ። በጎን መስተዋት አይታችሁ ጫፉን ፈልጉ።

ጭን፣ ከጉልበት ሎሚ አናት 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ለክታችሁ ምልክት አድርጉና እዚያ ላይ። «መሀል አካባቢ» ብላችሁ ከለካችሁ በሚቀጥለው መሀሉ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ክንድ፣ በትከሻ ጫፍና በክርን መሀል፣ እጅን ዘና አድርጎ። ጡንቻ ወጥሮ መለካት የሚፈልግ ይለካ፤ ግን ሁልጊዜ ወጥሮ ይለካ።

ደረት፣ ወንዶች በጡት ጫፍ መስመር፤ ሴቶች ከጡት ሥር ቢለኩ ይበልጥ ወጥ ይሆናል። ይሄም ትንፋሽ ሲያልቅ ነው።

ባትና አንገትን የሚፈልግ ይጨምር፤ እኔ ግን ከአምስት በላይ አልመክርም። ዝርዝሩ ሲበዛ ሰው ይሰለቻል፣ ሲሰለች ይተዋል። ግራና ቀኝ እኩል ስለማይሆኑ ሁልጊዜ ቀኙን ለኩ።

ሌላ ሰው ቢለካችሁ ይሻላል፤ በተለይ ክንድን ለብቻ ሆኖ መለካት ያስቸግራል። ለኪው ግን አይለዋወጥ። ሚስት የለካችውን አሰልጣኝ ከለካው ጋር ማወዳደር አያስኬድም፤ የእጅ አጠባበቃቸው ይለያያል። ወርሃዊ ክፍያ ሊታደስ ሲል ሜትሩን ጠበቅ የሚያደርግ አሰልጣኝም አይጠፋም።

ደረጃ 5፦ ጻፉት

ተራ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ኪሎ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ክንድ። አጠገቡ አጭር ማስታወሻ፦ «እንቅልፍ አልነበረም»፣ «ሠርግ ነበር»፣ «ሆዴን ነፍቶኛል»። ከሁለት ወር በኋላ እንግዳ ቁጥር ስታዩ መልሱን የምታገኙት እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁመቱ 172 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳትና በቀሪው ቀን እርምጃ የጀመረ ሰው እንበል። መነሻው 82.4 ኪሎ፣ ወገብ 98፣ ዳሌ 103፣ ጭን 56፣ ክንድ 31.5። በሁለተኛው ሳምንት ኪሎው 82.9 ሆነ፤ ጨመረ! ወገቡ ግን 97.5 ነው። በአራተኛው ሳምንት 82.1 ኪሎ፣ ወገብ 96። በስምንተኛው ሳምንት 81.8 ኪሎ፣ ወገብ 93.5፣ ዳሌ 101.5፣ ጭን 56.5፣ ክንድ 33።

ሚዛኑን ብቻ ቢያይ ኖሮ ሁለት ወር ለፍቶ ያገኘው 600 ግራም ነው። ሜትሩ ግን ከወገቡ 4.5 ሴንቲ ሜትር መሄዱን፣ ክንዱ ላይ 1.5 መምጣቱን ይነግረዋል። ይሄ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቢተወው ነበር ጉዱ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን አንብቡ

የአንድ ጊዜ ልዩነት አይቁጠሩ። ግማሽ ወይም አንድ ሴንቲ ሜትር የእጅ ስህተት ሊሆን ይችላል። በተከታታይ ሦስት ልኬት ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ወይም በድምሩ 2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ለውጥ ነው በሉ።

ወገብ ቀንሶ ኪሎ ካልተነቃነቀ፣ እንደ ምሳሌው ሰው ናችሁ፤ ምንም አትቀይሩ።

ኪሎ በፍጥነት እየወረደ፣ ጭንና ክንድም እየቀጠኑ፣ ወገብ ግን ካለበት ካልተነቃነቀ ነገሩ ጥሩ አይደለም። ጡንቻ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ምግብ በጣም ቀንሶ ሩጫ ብቻ ለሚሮጥ ሰው ነው። ክብደት ማንሳት ወይም ፑሽ አፕና ስኳት ጨምሩ፤ ማዕዳችሁ ላይ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ከፍ ይበል።

ኪሎም ወገብም አብረው ከጨመሩ አብዛኛውን ጊዜ ስብ ነው። ኪሎ ጨምሮ ወገብ ካልጨመረና ክንድና ጭን ከወፈሩ ደግሞ ጂሙ ሠርቷል።

መነሻችሁ የት እንደሆነ ለማወቅ የሚረዱ ድንበሮችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት መለኪያ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ወገብ በላይ ሲሆኑ የጤና ስጋቱ ይጀምራል፤ ከ102 እና ከ88 በላይ ደግሞ በጣም ይጨምራል። እነዚህ ቁጥሮች በዋናነት ከአውሮፓውያን የተወሰዱ ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን የራሳቸው በቂ መረጃ እስኪገኝ በ94 እና በ80 እንዲሠራ ነው የመከረው።

ቀለል ያለውን ከፈለጋችሁ፣ ወገብ ከቁመት ግማሽ አይብለጥ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2022 ለሕዝብ የመከረው ይሄንን ነው። የምሳሌያችን ሰው 172 ስለሆነ ግማሹ 86 ነው። 93.5 ላይ ነው ያለው፤ ገና መንገድ ይቀረዋል፣ ግን አቅጣጫው ልክ ነው። ወገብን ለዳሌ ማካፈልም ይቻላል። መነሻው 98 ለ103 ሲካፈል 0.95 ነበር፤ አሁን 0.92 ሆኗል። ለወንድ 0.90፣ ለሴት 0.85 እና ከዚያ በላይ ስጋት ያለበት ነው።

ቢ ኤም አይ የሚባለውን ኪሎን በቁመት የሚያሰላ መለኪያ የምታውቁት ይሆናል። መነሻው የቤልጂየማዊው ሊቅ የኬትሌ ስሌት ነው፤ ከ1830ዎቹ ጀምሮ የነበረ። ለብዙ ሕዝብ ጥናት ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው ግን ስቡ የት እንዳለ አይነግርም። እኛ ዘንድ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል፣ በመኪና የሚሄድ፣ ማታ ድራፍት የሚል። ቢ ኤም አዩ 24 ይወጣና «ኖርማል ነህ» ይባላል። ወገቡን የለካው ግን የለም።

ደረጃ 7፦ ልብስና ፎቶ

አንድ የማይለጠጥ ሱሪ ወይም ቀሚስ ምረጡና መፈተኛ አድርጉት። አሁን የሚጠባችሁ ቢሆን ይመረጣል። በወር አንዴ ልበሱት። ጂንስ ታጥቦ ሲደርቅ ስለሚጠብ ሁልጊዜ ከታጠበ በኋላ ወይም ሁልጊዜ አንድ ቀን ከተለበሰ በኋላ ሞክሩት፤ አታደበላልቁ። አዲስ ሱሪ ገዝታችሁ «ቁጥሬ ቀነሰ» ማለት አያስተማምንም፤ አንዱ ፋብሪካ 32 ያለው የሌላው 34 ሊሆን ይችላል።

ፎቶ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ አንሱ። ስልኩን እምብርት ከፍታ ላይ አስቀምጡት፤ ቦታው፣ ብርሃኑ፣ ልብሱ አይለወጥ። ከጎን የተነሳው ብዙ ይናገራል። ፎቶዎቹን ስልኩ ላይ በሚቆለፍ ፎልደር አስገቡ፤ ልጆች ስልክ ሲነካኩ ቴሌግራም ላይ እንዳይሄዱባችሁ።

የሰው አፍ መለኪያ አይደለም

ይሄን ሳልል ባልፍ አይሆንም። እኛ አገር የወፈረ ሰው «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» ይባላል። የቀነሰ ሰው ደግሞ «ምነው ከሳህ? አሞሃል እንዴ?» ይባላል። እናት ሳህኑን ትሞላለች፤ ጎረቤት ከንፈር ትመጣለች። ፊት ቶሎ የሚከሳባቸው ሰዎች ደግሞ ወገባቸው ገና ሳይነካ አስተያየቱ ይዘንብባቸዋል። ጉርሻውን በትህትና ተቀበሉ፤ ውሳኔያችሁን ግን ከደብተሩ ላይ አንብቡ።

ወገብ አልነቃነቅ ሲል

አራት ሳምንት ሙሉ ካልተነቃነቀ መጀመሪያ የአለካካችሁን ሁኔታ ፈትሹ። እሱ ልክ ከሆነ ወደ ማዕድ ተመለሱ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ዘይት፣ ሻይ ላይ የሚደረገው ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ቅዳሜና እሁድ የሚጠጣው ቢራ፤ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አያልፍም። የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ አያወፍርም ማለትም አይደለም፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳም የጾም ነው።

ሲት አፕ ማብዛት የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ከላይ ያለውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም። ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥም ላብ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሜትሩ ለጥቂት ሰዓት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። በሙቀት ደግሞ አደጋም አለው።

ሜትር የሐኪምን ሥራ አይተካም። ሳትፈልጉ፣ ምግብ ሳትቀንሱ ከከሳችሁ ተመርመሩ። እጅና እግር እየቀጠነ ሆድ ብቻ እየተነፋ ከሄደም ቦርጭ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቶሎ ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ወገቧን ለዚህ ዓላማ አትለካም፤ የወለደችም ቢያንስ ጥቂት ወራት ትታገሥ። ቁጥር ሲያዩ ምግብ እስከ መተው የሚደርሱ ሰዎችም አሉ። እነሱ ሜትሩንም ሚዛኑንም ትተው ባለሙያ ቢያነጋግሩ ይሻላል።

የምትፈልጉት ልክ ላይ ስትደርሱ በየሁለት ሳምንቱ መለካቱ ቀርቶ በወር አንዴ ወገብን ብቻ ለኩ። ከደረሳችሁበት 3 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር ወደ ሙሉው ዝርዝር ተመለሱ። የሰፉትን ሱሪዎች ልብስ ሰፊ ጋር ወስዳችሁ ስታስጠብቡም ትርፉን ጨርቅ እንዳይቆርጠው ንገሩት።